የየሽዋስ የክርስትና ስም

ቡሬ፣ ኅዳር 9 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ገደፋው ሙጬ
አሥመራ

ጤናዎ እንዴት ነው? ያመኛል ያሉት ወገብዎ ተሻለዎት ወይ? እኛ ደህና ነን። እናቴም በእግሯ ቆማ ትሄዳለች። ዝናቡ በጊዜ ስለወጣ የዘንድሮው በርበሬ ቀለሙ ጥሩ ነው።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ጥቅምት 28 ቀን ነው። መልሱን ያዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ስለ ብርዱ ጽፈዋል፤ ስለ ጫማ እጥረቱ ጽፈዋል፤ ስለ አሥመራ ዳቦ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈዋል። ከፊርማዎ በታች ደግሞ እንደረሳ ሰው፣ «የየሽዋስን የክርስትና ስም ላኪልኝ፤ እዚህ ከሰፈራችን አጠገብ ያሉ ቄስ ጠይቀውኛል» ብለዋል።

ጋሼ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ። ሰው ዋናውን ጉዳይ መጨረሻ ላይ እንደሚያነሳ አውቃለሁ።

የክርስትና ስም የሚጠየቀው ለሁለት ነገር ነው፤ ወይ ለጸሎት፣ ወይ ለፍትሐት። ለየትኛው እንደሆነ አልጻፉም። እኔም እንዲጽፉልኝ አልጠይቅዎትም። መርዶ በደብዳቤ እንደማይነገር ሁለታችንም እናውቃለን፤ ፖስታውም መንገድ ላይ ተከፍቶ እንደሚነበብ ነግረውኛል። ችግሩ ስሙን አለማወቄ ነው። ወንድሜ ሲወለድ እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ተድሬ ቡሬ ገብቻለሁ። ያጠመቁት ቄስ አርፈዋል። የክርስትና አባቱ ጋሼ ባዬም አርፈዋል። የምታውቀው እናቴ ብቻ ናት። እናቴን «የየሽዋስ የክርስትና ስም ማነው?» ብዬ ከጠየቅኋት ደግሞ አረዳኋት ማለት ነው።

ስለ እሷ ለጠየቁኝ፦ ያው ከፍኖተ ሰላም በታች ባለው ቤቷ ናት፤ ዶሮ ሳይጮህ ተነስታ ለኪዳን ጸሎት ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ዱሮ በበዓል ቀን ብቻ ነበር፤ ዘንድሮ አንድ ቀን አታስታጉልም። ፀሐይ ሞቅ ሳይል አትመለስም። የመንደሩ ሰው «አቻምየለሽ በጸሎት በረታች» ይላል። እኔ የሚመስለኝ ሌላ ነው። መርዶ ነጋሪ የሚመጣው በጠዋት ነው። በጠዋት ቤቱ የማይገኝን ሰው ማን ያረዳዋል?

በመስከረም ለየሽዋስ በእርስዎ በኩል በሶና በርበሬ የነካው ድርቆሽ በነጭ ጨርቅ ቋጥሬ ልኬለት ነበር። ደርሶት እንደሆነ ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ ሀብትነሽ ደረሰ

ከዕለት ደብተሬ፣ በዚያው ቀን

ደብዳቤውን እንደ ልማዴ ገልብጬ አስቀመጥኩ። ያልጻፍኩትን እዚህ ልጻፈው። የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ በ76 ሲመጣ እናቴ የሽዋስን አገው ምድር ካሉት የጋሼ ባዬ ዘመዶች ዘንድ ልትደብቀው ነበር። የከለከልኳት እኔ ነኝ። የተደበቀ ሰው ዕድሜ ልኩን ተደብቆ ይኖራል፤ ሄዶ የጨረሰ ግን ወረቀት ይዞ በነጻነት ይነግዳል ብዬ አሰብኩ። «ሠላሳ ወር ነው፤ እኔ እቆጥርልሃለሁ» አልኩት። ሲሄድ አላለቀሰም፤ እናቴም አላለቀሰችም። ሁለቱም እኔን አምነው ነው።

አሥመራ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሀብትነሽ

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ አለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ጠመንጃ የተሸከመ ወገብ ተሻለው አልተሻለው ተብሎ አይጠየቅም፤ እንደተሸከመ ይኖራል።

ያን ነገር ከፊርማዬ በታች በመጻፌ ይቅርታ አድርጊልኝ። ከላይ ልጽፈው እየጀመርኩ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ለየትኛው ነው ብለሽ ስላልጠየቅሽኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ብትጠይቂኝ ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

ቄሱ ግን ስሙን አጥብቀው ይፈልጉታል። «የሽዋስ እናቱ ለምሳ የምትጠራበት ስም ነው፤ እኔ የምጠራው እግዚአብሔር ፊት በተጻፈበት ነው» ይሉኛል። ከመስከረም ወዲህ የአሥራ አንድ የአገራችንን ልጆች ስም ሰጥቻቸዋለሁ። የቀረው የእሱ ብቻ ነው። እናትሽን ሳታስደነግጪ የምታገኚበትን መንገድ አንቺ አታጪም፤ የቡሬን ገበያ ያሳመንሽ ሴት ነሽ።

በሶው ደርሷል። ድርቆሹም ደርሷል። ለጓደኞቹ አከፋፈልኳቸው። «የቡሬ በርበሬ እንዲህ ነው እንዴ!» እያሉ አንድ ሳምንት ሙሉ ሲያወሩለት ነበር። ጨርቁን አጥቤ አስቀምጬዋለሁ፤ ሲመቸኝ እመልስልሻለሁ።

ለእናትሽ ሰላምታዬን አታድርሺ። ለጊዜው ደብዳቤ መጻፌንም አትንገሪያት።

ወንድምሽ ሃምሳ አለቃ ገደፋው

ከዕለት ደብተሬ፣ ጥር 3 ቀን

«ለጓደኞቹ አከፋፈልኳቸው» ይላል። «ጨርቁን አጥቤ አስቀምጬዋለሁ» ይላል። በንግድ፣ ዕቃ ወደ ላኪው የሚመለሰው ተቀባዩ ሲታጣ ነው። ደብዳቤውን አጥፌ ሱቄን ከፈትኩ። ስድስት ጆንያ በርበሬ ገዛሁ። የእያንዳንዱን ጆንያ ታች እስከ ክርኔ እጄን አስገብቼ አየሁ፤ እርጥቡን ከታች ይደብቁታልና። እጄ ማታ ድረስ ሲያቃጥለኝ ዋለ።

ቡሬ፣ ጥር 24 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ገደፋው

እንደምን ከረሙ? ስሙን አግኝቻለሁ። ገብረ ጊዮርጊስ ነው። ለቄሱ ይስጡልኝ።

እንዴት እንዳገኘሁት ልንገርዎት። የጋሼ ባዬ ባለቤት ቻይነሽ ከቡሬ በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ መንደር ትኖራለች። ጨው ይዤላት ሄድኩ። ስለ ከብቱ ተጫወትን፤ ስለ ልጆቿ ተጫወትን፤ ከዚያ እንደ ቀልድ አድርጌ ባሏ የየሽዋስ የክርስትና አባት ሲሆን የተሰጠውን ስም ታስታውስ እንደሆነ ጠየቅኋት። «ሃያ ዓመት አለፈው እኮ! የራሴንም የማስታውሰው ቄሱ ሲቆጡኝ ነው» አለችኝ። ኋላ አሰብ አደረገችና፣ «ገብረ የሚል አለበት» አለች። «ገብረ የሌለበት ወንድ አለ እንዴ?» ብላት፣ «ወልደ አለ» ብላ ሳቀች። እየሳቀች ለምን እንደምጠይቃት ገባት። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቀረች። ለማንም እንዳትናገር አደራ ብያታለሁ።

ስለ አዲሱ መንደር ለጠየቁኝ፦ የሰሙት እውነት ነው። በእናቴ በር ላይ በኖራ ቁጥር ጽፈውበታል። ክረምቱ ሳይገባ ቤታችሁን አፍርሳችሁ ወደ ሜዳው ውረዱና በረድፍ ሥሩ ተብለዋል። እናቴ የገበሬ ማኅበሩን ሊቀ መንበር «ልጄ ሲመጣ ቤቱን የት ያገኘዋል?» አለችው። «እንጠቁመዋለን፣ እናቴ» አላት። «እናንተስ ያኔ የት ትገኛላችሁ?» አለችው።

አክባሪዎ ሀብትነሽ

ከዕለት ደብተሬ፣ በዚያው ቀን

ገብረ ጊዮርጊስ ያልኩት ሰምቼ ሳይሆን ቆጥሬ ነው። የሽዋስ የተወለደው በ57 ዓ.ም.፣ የሰኔ ሚካኤል ባለፈ በሁለተኛው ቀን ነው፤ ሰኔ 14። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ይጠመቃል። አርባው የሚሞላው ሐምሌ 23 ነው፤ ጊዮርጊስ። ቻይነሽም ገብረ አለበት ብላለች። ገጠመልኝ።

ይህንኑ ስም ለእናቴ ደብር ቄስ ለመምሬ ተስፋው ሰጠኋቸው። የማን እንደሆነ ሳልነግር፣ በኪዳን ስለ መንገደኞች ሲጸልዩ እንዲያነሱልኝ ለመንኳቸው። አሥመራ ላይ ከሙታን ጋር ቢነሳ እዚህ ከሕያዋን ጋር ይነሳል። እግዚአብሔር ከሁለቱ አንዱን ይቀበላል ብዬ ነው።

አሥመራ፣ መጋቢት 2 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሀብትነሽ

ጤና ይስጥልኝ። ስሙ ደርሶኝ ለቄሱ ሰጥቻለሁ። ሰባት ቀን ጠርተውታል። በስምንተኛው ቀን አስጠሩኝና፣ «ይህን ስም የላከችው እናቱ ናት?» አሉኝ። እህቱ ናት፤ ጠንቃቃ ናት፤ ነጋዴ ናት አልኳቸው። አዩኝና ወደ ውስጥ ገቡ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም፤ አንቺ ይገባሽ እንደሆነ ብዬ ነው የጻፍኩልሽ።

በየካቲት በላክሽልኝ አጭር ወረቀት፣ የሽዋስን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት መቼ እንደነበር ጠይቀሽኛል። ይህን ልመልስልሽ እችላለሁ። በጥቅምት መጀመሪያ ነው። መኪና ላይ ሊሳፈሩ ተሰልፈው ሳሉ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያስር ነበር። «ጋሼ፣ ከሠላሳው ወር ስንት ቀረ?» አለኝ። አሥራ ሦስት ነው አልኩት። «አዎ፣ እህቴ ጋ የተቆጠረውም እንደዚያው ነው» አለ። ደስ ብሎት ነበር። ይህን የጻፍኩልሽ ልወቅስሽ አይደለም። አንቺን አምኖ እንደነበር እንድታውቂው ነው።

ሌላ የጠየቅሽኝን አልመልስም። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ገደፋው

ቡሬ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ገደፋው

ይህን ደብዳቤ በፖስታ ሳልጥል አዲስ አበባ ሄዶ ወደ አሥመራ ለሚያሳልፍልኝ ለማምነው ሾፌር የሰጠሁት ቶሎ እንዲደርስዎት ነው። ሰላምታውን ይቅር ይበሉኝ፤ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ገብረ ጊዮርጊስ የየሽዋስ ስም አይደለም። ከማንም አልሰማሁትም። አርባ ቀኑን ቆጥሬ፣ በቀኑ ታቦት ገምቼ ነው የላክሁት። እርግጠኛ መስዬ በመጻፌ በድዬዎታለሁ፤ ቄሱንም በድያለሁ። ወንድሜን የበደልኩት ሳይቆጠር ነው።

የተያዝኩት በራሴ ብልጠት ነው። ያንኑ ስም ለመምሬ ተስፋውም ሰጥቼ ነበር። እናቴ በየጠዋቱ እዚያው ቆማ ስትሰማ፣ ከመንገደኞቹ ስም መካከል በደብሩ ውስጥ የማታውቀው አንድ ገብረ ጊዮርጊስ ይጠራል። ወር ሙሉ ሰማችው። በመጨረሻ መምሬን ብትጠይቃቸው «ልጅሽ የሰጠችኝ ነው» አሏት። ትምጣ ብላ ላከችብኝ።

ባለፈው ቅዳሜ በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ እናቴ መንደር ወረድኩ። ስደርስ ቤቱ በግማሽ ፈርሷል። ክዳኑ ተነስቶ ግድግዳው ብቻ ቆሟል፤ እናቴ መካከሉ ተቀምጣ የማገሩን ማሰሪያ ልጥ ትፈታለች። ልጡን አትጥለውም፤ ለአዲሱ ቤት ይሆናል ብላ ትጠቀልለዋለች።

«ገብረ ጊዮርጊስ ማነው?» አለችኝ ቀና ሳትል። «ባል አገባሽ እንዴ?» አለችኝ።

ባሌ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። አጠገቧ ቁጭ ብዬ እኔም ልጥ መፍታት ጀመርኩ።

«አርባውን ቆጠርሽ?» አለችኝ።

«ቆጠርኩ።»

«ወንዙንስ ቆጠርሽ?»

ወንዙን አልቆጠርኩም፣ ጋሼ። በዚያ ዓመት በሐምሌ ላህ ወንዝ ሞልቶ ሰው ከሰው አያገናኝም ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ነው። ጋሼ ባዬ ለክርስትናው ውሃው ሳይሞላ ቀድመው ተሻግረው ኖሮ፣ በየቀኑ እየመጡ በወዲያኛው ዳር ይቆማሉ፤ እሷ ሕፃኑን አቅፋ በወዲህኛው። አርባው አለፈ። ሕፃኑ ትኩሳት ያዘው። ሳይጠመቅ ቢሞት ከደጀ ሰላም አይቀበርም፤ ስምም የለውም። አሥራ አራት ቀን በየጠዋቱ ወንዙ ዳር ወጥታ ውሃውን ታያለች። የጎደለው በነሐሴ 7፣ በሥላሴ ቀን ነው።

ስሙ አምኃ ሥላሴ ነው።

ቻይነሽ ገብረ ያለችው የራሷን ልጅ ኖሯል።

እናቴ ይህን ነግራኝ አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ምን ልበልሽ፣ ምንም እርግጥ ነገር የለኝም፣ ማንም የነገረኝ የለም አልኳት። «አውቃለሁ» አለች። «አንቺ እጅሽን ከጆንያው ታች ካላስገባሽ አትገዢም። እኔ በዚያን ጊዜ ምን ነበረኝ? ውሃ ብቻ ነበር የማየው። ስም ሳይኖረው አሥራ አራት ቀን እግዚአብሔር ጠብቆልኛል። አሁን ስም አለው። ላኪለት።»

ለኪዳን የምትሄጂው በጠዋት ቤት ላለመገኘት መስሎኝ ነበር አልኳት። ይህን ማለት አልነበረብኝም። የያዘችውን ልጥ ጠቅልላ ጨረሰችና፣ «መጀመሪያ ለዚያ ነበር» አለችኝ። «ሸሽቼ ነው የሄድኩት። ግን የሸሸሁት ወደ እግዚአብሔር ቤት ሆነብኝ። እዚያ ከቆምኩ በኋላ ደግሞ ዝም ብሎ መውጣት አይቻልም።»

ስነሳ አንድ ነገር አዘዘችኝ። ደብዳቤው ከሆሣዕና በፊት ይድረስ አለች። «በሕማማት ፍትሐት የለም» አለችኝ። ቃሉን ያወጣችው እሷ ናት፣ ጋሼ። እኔ አይደለሁም።

ሀብትነሽ

አሥመራ፣ ግንቦት 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሀብትነሽ

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ የሆሣዕና ዋዜማ በዘጠኝ ሰዓት ነው። የጥበቃ ተራዬን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ወደ ቄሱ ሮጥኩ። ለወገቤ አልራራሁለትም። ስሙ በሰዓቱ ደርሷል። በሚጠራበት ቦታ ተጠርቷል።

ለቄሱ እውነቱን ነገርኳቸው። ስለ ገብረ ጊዮርጊስ እንዳትጨነቂ ብለዋል። «ከዚህ ሁሉ ልጅ መካከል ስሙን የሚልክለት ዘመድ ያጣ አንድ ገብረ ጊዮርጊስ አይጠፋም፤ ሰባቱ ቀን የእሱ ነው» አሉ። አንድ አይደለም፣ እህቴ። እኔ የማውቃቸው ሁለት አሉ።

ፈቃድ ተሰጥቶኛል። ሰኔ 19 ቀን ፍኖተ ሰላም እገባለሁ፤ በማግሥቱ እናትሽ ዘንድ እወርዳለሁ። ሰዓቱን ግን እኔ አልወስንም። ከሰዓት በኋላ ና ካልሽኝ እንደ እንግዳ እገባለሁ፤ ጠላ እጠጣለሁ፤ ስለ አሥመራ ዳቦ አወራለሁ፤ ተሰናብቼ እሄዳለሁ። እምልልሻለሁ፤ ከአፌ አንድ ቃል አይወጣም። በጠዋት ና ካልሽኝም እሺ። ከአንድ መስመር በላይ አትጻፊልኝ፤ ይገባኛል።

ገደፋው

ቡሬ፣ ሰኔ 2 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ገደፋው

አንድ መስመር ይበቃል ብለውኝ ነበር፤ አልበቃኝም።

እናቴ አዲሱ ቤት ገብታለች። ከፍኖተ ሰላም በሚመጣው መንገድ ሜዳውን ሲያገኙ ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ይቸገራሉ። ሦስተኛውን ረድፍ ይያዙ። ቁጥሯ 41 ነው፤ ቁጥሩን ግን አይፈልጉ፤ ኖራው በዝናብ ታጥቧል። በሮቹ ሁሉ ወደ መንገዱ እንዲዞሩ ታዝዞ ነበር። የእሷ ብቻ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይዞራል። ሊቀ መንበሩ ሦስት ቀን ተቆጥቶ ተዋት። የተከለችውም የድሮውን በር ነው፤ የሽዋስ በልጅነቱ በማጭድ የቧጨረው አለበት።

እዚያ ሳምንት ቆየሁ። ሱቄን ለሰው አደራ ሰጥቼ ነው፤ እንዲህ አድርጌ አላውቅም። አንድ ጠዋት አብሬያት ለኪዳን ሄድኩ። መምሬ ተስፋው አምኃ ሥላሴ ሲሉ ሰማሁ። ያነሱት ከመንገደኞቹ ጋር ነው። እናቴ አላረመቻቸውም። እኔም አላረምኳቸውም። ስንመለስ በመንገድ ላይ የእርስዎን መምጣት ነገርኳት። ሰዓቱን አልነገርኳትም፤ ለእሷ ተውኩት።

ወንዙ ዳር ደረስን። ላህ ገና አልሞላም፤ ድንጋይ በድንጋይ ተሻገርን። ከወዲህ ስንደርስ ነጠላዋን አስተካከለችና፣ «ሰኔ 20 ኪዳን አልሄድም» አለችኝ። «ቤት እሆናለሁ።»

ስለዚህ በጠዋት ይምጡ፣ ጋሼ። ጎረቤቶቹን እኔ እነግራቸዋለሁ፤ ብቻዎን አይገቡም። ጨርቁንም ይዘው ይምጡ።

ሀብትነሽ